አንድ ጉንጭ ድርቆሽ

የበረዶ ሸርተቴው ሐይቁን ለቆ ጭቃው ላይ ሲወጣ የብረት እግሩ ድንጋይ ፋቀና ሲጥጥ አለ፤ ስድስቱም ፈረሶች ባንዴ ቆሙ። ባልደራስ ጉድማር ልጓም ይዞ ከፊት ይሄድ ነበርና ዘወር ብሎ አያቸው። ጎናቸው ገብቷል፤ ላባቸው ጀርባቸው ላይ ደርቆ ጨው ሠርቷል። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የቀመሱት ነገር ቢኖር ከመንገድ ዳር የነጩት የዛፍ ቅርፊት ነው። "አይዟችሁ፣ መንደር ደርሰናል" ብሎ አባበላቸው። መንደሩስ እውነትም ደርሷል፤ ድርቆሹ መድረሱን ግን ማን አወቀ።

ሸርተቴው ላይ የተጫነው የጌታ ጌርሙንድ አልጎትሶን ሬሳ ነው። በሕይወት ሳሉ የንጉሡ እንደራሴ፣ የስቬላንድም ሕግ ነጋሪ ነበሩ፤ ንጉሥ ሲነግሥ አንጋሹ እሳቸው፣ ንጉሥ ሲጣላም አስታራቂው እሳቸው። ጋሻቸው ተገልብጦ ሣጥኑ ላይ ታስሯል። ሣጥን ይባል እንጂ ከአንድ የባሉጥ ግንድ የተቦረቦረ ነገር ነው። በርስታቸው ላይ ከጀልባ ሠሪ በቀር አናጺ አልተገኘምና ሰውዬው የሚያውቀውን ሠራ፤ ግንዱን ቦርቡሮ ክዳኑን ገጠመ፣ ዙሪያውን ቅጥራን ለቀለቀው። አምባላዩ ፈረሳቸው ኮርቻው ባዶ እንደሆነ ከኋላ ይሳባል፤ ከቀብሩ በኋላ እንደ ወጉ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣል። ጉድማር እሱን ፈረስ ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ነው ያሳደገው።

ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በደቡብ ነፋስ ነው። ገዳሙ ከሐይቁ ማዶ ነው፤ በረዶው ጠንካራ ቢሆን የግማሽ ቀን መንገድ ነበር። በጾሙ አጋማሽ ላይ ያ ለብ ያለ ነፋስ ተነሣና በረዶውን አበሰበሰው። አሁን ሸርተቴ አይሸከም፣ ጀልባም አያሳልፍ። ያላቸው ምርጫ ሐይቁን በየብስ መዞር ነው፤ ለመዞር ደግሞ የጠገበ ፈረስ ያስፈልጋል።

ማዶ ገዳሙ ውስጥ የአገሩ መኳንንት ተሰብስበው ይጠብቃሉ። ለቅሶ ብቻ አልነበረም ያሰባሰባቸው። ከቀብሩ ማግሥት ምክር ይቀመጣሉ፤ መጀመሪያ የሚያነሡትም የሟቹን የድርቆሽ ሕግ እንደሆነ የፈረስ ጠባቂ እንኳ ያውቃል። ሕጉን ለመሻር የጎደላቸው አንድ ሰበብ ነው፤ ሰበብ ደግሞ መንገድ ላይ አይጠፋም።

ያ ሕግ ከመውጣቱ በፊት ጌታ የሆነ ሰው ሁሉ ወደ ገበሬ ግቢ ዘው ብሎ ፈረሱን ጎተራ ውስጥ ይለቅ፣ ራሱም ማድ ቤት ይገባ ነበር። ጠግቦ ሲወጣ ገበሬውን "ሰጥቻለሁ በል" ይለዋል። ገበሬውም "ሰጥቻለሁ" ይላል፤ ምን ያድርግ። ጌርሙንድ መጥተው ይህን ከለከሉ። በየመንደሩ አንድ የእንግዳ ዳኛ ይኑር፣ የተቀረጸ ዱላ ይያዝ፣ መንገደኛውን ተራው ወደ ደረሰው ቤት ይምራና እዚያ በዋጋው ይግዛ አሉ። ዳኞቹን ጌቶች ፈረስ ላይ ሆነው እያስፈራሩ "እዚያ ግባ" ያሰኟቸዋል ሲባል ደግሞ ጨመሩበት፤ ዳኛው በአፉ ሳይሆን በእግሩ ይምራ፣ ደጃፉ ድረስ ሄዶ ይቁም። ዳኛ ያልቆመበት ስጦታም ስጦታ አይባልም አሉ። ሰውዬው ቀዳዳ መድፈን ይወዱ ነበር።

ጉድማር ወደ መንደሩ ገባ። አራት ቤት ናት፤ አንድ ትልቅ የድርቆሽ ጎተራ አለ፣ በሩ ላይ አንዲት አሮጊት ቆማለች። ጊሪድ ትባላለች፤ ባሏ የሞተባት ናት። የእንግዳ ዳኛው ዱላ የሚሰቀልበትን ችካል አየ። ባዶ ነው።

"እማማ፣ ዳኛችሁ የት አለ?"

በአገጯ ወደ ሐይቁ አመለከተች። ጮክ ብለው ቢጣሩ የሚሰማበት ርቀት ላይ ጥድ የበቀለባት ደሴት አለች፤ ከጥዶቹ መሃል ጭስ ይወጣል።

"ያውልህ ብሩሴ። መረቡን ሊያነሣ ሄዶ በረዶው ከዳው፤ እዚያው ሰነበተ። ዱላውንም ይዞት ሄዷል። ሚስቱ እንዳትሰብረው ይፈራል።"

"በጀልባ አታመጡትም?"

"በየቱ ጀልባ? ክረምቱን ተገልብጠው ከርመው ተሰነጣጥቀዋል። ቅጥራን ሳይቀቡ ውኃ ከነኩ ወንፊት ናቸው።"

የሟቹ ልጅ ሲግቫርድ ከዳማ ፈረሱ ሳይወርድ ደረሰ። ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ እንደ አባቱ ረጅም፣ እንደ አባቱ ግን ትዕግሥት የሌለው ሰው ነው።

"ጉድማር፣ ይቺ ሴትዮ ምን ትላለች?"

"ዱላው የለም ትላለች፣ ጌታዬ።"

"እኔ ዱላ ልፈልግ ነው የመጣሁት? ድርቆሽ ነው የፈለግሁት።"

"ድርቆሹ አለ፣ ጌታው" አለች ጊሪድ፤ ዓይኗን ግን ከፈረሱ እግር አላነሣችም። "የሚሸጥም ነው። ተራውም የኔ ነው። አጥቼ አይደለም።"

ጉድማር ወደ ሐይቁ ዳር ሮጠና እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ። "ብሩሴ። ተራው የማነው?"

ከደሴቲቱ የአንድ ወፍራም ሰው ድምፅ መለሰ። "የጊሪድ ነው።"

"እንግዲያው ፈቀድክ?"

"በአፍ አይሆንም። ሕጉ በእግር ነው የሚለው። ቆዩ፣ በረዶው ሲለቅ እመጣለሁ።"

"መቼ ይለቃል?"

"እግዜር ያውቃል" አለ ብሩሴ፤ እሳቱ ላይ አንድ ነገር ጨመረበት፣ ዓሣ ሳይሆን አይቀርም።

የጉድማር ደም ፈላ። ተመልሶ ለጊሪድ ድምፁን ዝቅ አደረገላት። "እማማ፣ ሁለት ሸክም ብቻ በነጻ ብትሰጪንስ? ለነፍስ ይሆንሻል፤ ሬሳ ይዘናል።"

"መስጠት?" አለች። "መስጠትን እኮ እናንተ ናችሁ ያበላሻችኋት። አባቴ የዘር እህሉን 'ሰጥቷል'፤ እኛም በዚያ ዓመት ሁለት ወንድሞቼን ቀበርን። ዛሬ በሳቸው ሬሳ ፊት ስጪ ትለኛለህ? ሳቄ እንኳ አይመጣም።"

ሲግቫርድ ሰማት። ከአፉ የወጣው ግን ንዴት ብቻ አልነበረም፣ የቆየ ነገርም ነበረበት። "ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይላሉ። እኛ ደግሞ ከሞኝም ብሰን ደጃፉ ላይ ቆመን እንለምናለን። ከረግረጉ ማዶ ሌላ መንደር አለ፣ እዚያ ዳኛ ካለ አመጣለሁ። ጉድማር፣ ስመለስ ፈረሶቹ በልተው ካላገኘሁ በሩን በትከሻዬ ነው የምከፍተው።"

"ጌታዬ፣ መኳንንቱ ሰበብ ነው የሚጠብቁት። የርስዎ እጅ ከነካው ሕጉ አለቀለት።"

"ይለቅ። ፈረስ ሞቶ ሕግ ቢቆም ማን ይጋልበዋል?" ሦስት ሰዎች አስከትሎ ሄደ።

ጉድማር ሸርተቴው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ከቀሩት አራት ጭፍሮች ሁለቱ ፈረሶቹን ይጠብቃሉ፣ ሁለቱ ደረቅ ዓሣ እየሰበሩ ያኝካሉ። አምባላዩ መጥቶ ኪሱን በአፍንጫው ፈተሸው፤ ሁልጊዜ የዳቦ ቅራፊ የሚያገኝበት ኪስ ነው። ዛሬ ምንም የለበትም። ፈረሱ ግን አላመነም፣ ደግሞ ፈተሸው። ጉድማር ወደ ሣጥኑ ዞሮ ያጉረመርም ጀመር።

"በእግሩ ይምራ። ምን ነበረበት 'በአፉም በእግሩም' ቢሉ? አንድ ቃል እኮ ናት። ሌላው ሰው ሕግ ሲያወጣ ትንሽ መውጫ ይተዋል። እርስዎ አይጥ የምትገባበት ሳይቀር ይደፍናሉ። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። እኔም ይኸው ነው የሆንኩት።"

በጡጫው ሣጥኑን መታው። እንደ ባዶ ጀልባ ድም አለ።

ጉድማር እጁን አነሣና ቅጥራኑን ዳሰሰው። ጥብቅ ያለ ነው፣ አንድ ስንጥቅ የለውም። ያ ጀልባ ሠሪ ሌላ ነገር አያውቅም ነበርና።

"ገመድ አምጡ" አለ።

ጭፍሮቹ ያሰበው ሲገባቸው አንደኛው አማተበ። "ባልደራስ፣ አብደሃል? የጌታን ሬሳ?"

"እኔ አይደለሁም የምወስዳቸው። ዳኛ በእግሩ ይምጣ ያሉት እሳቸው ናቸው፤ ሄደው ያምጡት።" ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም።

ሣጥኑን አወረዱት፤ ጋሻውን ፈትተው ጊሪድ እጅ ላይ ሰጧት። የገመዱን አንድ ጫፍ ሣጥኑ ላይ አስረው ሌላውን ሁለቱ ጭፍሮች ያዙ። ጉድማር ካባውን ጥሎ፣ በሣጥኑ ላይ በደረቱ ተኝቶ፣ በእግሩ በረዶውን እየገፋ ወጣ። መጀመሪያ በረዶው ቻለው። ከዚያ ከሥሩ ማቃሰት ጀመረ። መሃል ላይ ሲደርስ እንደ እርጥብ ዳቦ ተቆረሰና እስከ ብብቱ ድረስ ገባ። ትንፋሹ ቁርጥ አለ። ሣጥኑ ወደ ጎን ዘንበል አለና ተስተካከለ፣ ተንሳፈፈም። ጉድማር ግንዱን በሁለት እጁ አቅፎ ተንጠለጠለ። ሃያ ዓመት ያገለገለውን ሰው አንድ ቀን እንኳ አቅፎ አያውቅም ነበር። "ይቅር ይበሉኝ" አለ በሚንቀጠቀጥ ጥርሱ፤ ወዲያው ደግሞ ንዴቱ ተመለሰበት። "ባይሉም ይተዉት፣ ሕጉ የርስዎ ነው።"

ብሩሴ ከደሴቲቱ ዳር ቆሞ ሲያይ አፉ ተከፍቶ ቀርቷል። ሣጥኑ ድንጋዩን ሲነካ ወደ ኋላ ሸሸ።

"ውስጡ ማነው ያለው?"

"ሕጉን ያወጡት።"

"እሳቸው ራሳቸው?"

"ራሳቸው። ዱላህን ያዝና ባንድ በኩል እቀፍ። ጭፍሮቹ ይስቡናል።"

ብሩሴ ወደ ጭሱ አየ፣ ወደ ሣጥኑ አየ። "ዓሣዬ ሊበስል ነበር እኮ" አለና ዱላውን በጥርሱ ነክሶ ውኃ ውስጥ ገባ።

ሲመለሱ ጉድማር እግሩ አልታዘዝ ብሎት በጉልበቱ ነው የወጣው። ቀና ሲል መጀመሪያ የሰማው ድምፅ ነበር፤ በሕይወቱ ከድምፅ ሁሉ የሚወደው፣ የተራበ ፈረስ ድርቆሽ ሲያኝክ። የጎተራው በር ከማጠፊያው ተገንጥሎ ወድቋል። ስድስቱም ፈረሶች፣ አምባላዩም ጭምር፣ አንገታቸውን ቀብረው ይበላሉ። ጊሪድ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ የሟቹን ጋሻ እስካሁን አቅፋዋለች።

ሲግቫርድ እስከ ወገቡ ጭቃ ነው። ፈረሱ የለም። "ረግረጉ በላው" አለ፤ ድምፁ ተሰብሯል። "ዓይኔ እያየ ሰጠመ። ተመልሼ ስመጣ አባቴ የለም። ሐይቅ ላይ ይንሳፈፋል አሉኝ። አንተ ውሻ፣ አባቴን ግንድ አደረግኸው?"

"አዎ፣ ጌታዬ። ዳኛውን አምጥቻለሁ። ትንሽ ቢጠብቁ ኖሮ።"

"መጠበቅ። በዚያ ቤት ከመጠበቅ ሌላ ምን አውቃለሁ? ማዕድ ላይ ድርቆሽ፣ መኝታ ላይ ድርቆሽ። የየገበሬውን ክምር ሲቆጥር እኔን ስሜን ይስት ነበር።"

ብሩሴ ውኃው ከጢሙ እየተንጠባጠበ በሩን አየ፣ ሰይፎቹን አየ፣ ከዚያ የራሱን ጫማ አየ። ዳኛነቱ ያስጨነቀው መሆኑ ያስታውቃል።

"ጊሪድ" አለ በቀስታ። "ሰጥተሻል?"

አሮጊቷ ቀና ብላ የታጠቁትን አንድ በአንድ አየች። ማታ እነዚህ ሰዎች ይሄዳሉ፤ በሌላ ቀን ደግሞ ሌሎች ይመጣሉ።

"ሰጥቻለሁ" አለች።

"እንግዲያው" አለ ብሩሴ፣ "እኔም ቆሜ ነበር ልበል።"

ጉድማር ይችን 'ሰጥቻለሁ' የምትባል ቃል ያውቃታል። ጢም ሳያበቅል በየገበሬው ደጃፍ ሲሰማት የኖረ ቃል ናት። ሰውዬው ዕድሜያቸውን የጨረሱት ይችን አንዲት ቃል ከገበሬ አፍ ለማውጣት ነው፤ ይኸው ሳይቀበሩ ተመልሳ ገባች። ማንም ካልከሰሰ በደል የለም፣ በደል ከሌለ ሕግ የለም። ማዶ ያሉት መኳንንት ይህን ሲሰሙ ከት ብለው ይስቃሉ። ብርዱን ረሳው። በእንደዚህ ያለ ነገር የሚበግን ሰው ነው፤ ደከመኝ ሲል ነው እልኹ የሚነሣው።

ወደ ጎተራው ገባ። ክስ እንዲጸና የተወሰደው ነገር በእጅ መያዝ አለበት፤ ይህንንም ቢሆን ሰውዬው ናቸው የጻፉት። ክምሩ ላይ ያለው የጊሪድ ነው፣ አልተወሰደም። የተወሰደው አፍ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። አምባላዩ ሲያየው ጆሮውን አቆመ፣ ማኘኩን ግን አላቆመም። ጉድማር አውራ ጣቱን በጥርሱ ክፍተት አስገባና መንጋጋውን ከፈተው። ፈረሱ አልነከሰውም። ያ ነው ይበልጥ ያሳመመው። እርጥቡን፣ ትኩሱን ጉንጭ ድርቆሽ ከምላሱ ላይ አወጣና ይዞት ሄደ፤ አምባላዩም አንገቱን አስግጎ ተከተለው።

ድርቆሹን ብሩሴ መዳፍ ላይ አኖረው።

"እኔ ባልደራስ ጉድማር፣ ነጻ ሰው፣ ሲግቫርድ ጌርሙንድሶንን ዳኛ ሳይቆም ከዚህች ሴት ጎተራ ድርቆሽ ወስዷል ብዬ እከሳለሁ። አልሰጠችም። ዳኛውም አልቆመም፤ ውኃ ውስጥ ከእኔ ጋር ነበር፣ ልብሱን እዩት።"

ጭፍሮቹ ሲግቫርድን አዩ። እሱ እጁን ሰይፉ እጀታ ላይ አሳርፎ ወደ ጉድማር ቀረበ።

"የማንን እንጀራ ነው የበላኸው?" አለው ሲግቫርድ።

"የአባትዎን። እሱ ነው ያስቸገረኝ።"

ሲግቫርድ ሐይቁ ዳር ውኃ የሚንጠባጠብበትን ግንድ አየ። ከዚያ ሳቀ፤ ደስታ የሌለበት ሳቅ ነው። "አባቴ በመጨረሻ አስታወሰኝ ማለት ነው" አለ። "ሞቶ። በክስ።" ዓይኑን በጭቃማ እጅጌው ጠረገ። "ጉድማር፣ ከዛሬ ጀምሮ የእኔን ልጓም አትነካም። ፈረሶቹን አውጡ።"

ሰዎቹ አላመኑም።

"አውጡ አልኩ እኮ። አንተ ዱላ ያለህ፣ ምን ቆመሃል? ምራኝ። በእግርህ።"

ብሩሴ ዱላውን ከፍ አድርጎ ቀደመ፤ ጫማው ቸብ ቸብ ይላል። የአገሩ እንደራሴ ልጅ ከኋላው በእግሩ ተከተለው። የተገነጠለው በር ዘንድ ሲደርሱ የሚንኳኳ ነገር አልነበረም፤ ብሩሴ መቃኑን መታ። ጊሪድ ተነሥታ ጋሻውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ሊቋቋሙት የማይቻል ጊዜ ወሰደች። ከዚያ በሌለው በር በኩል ብቅ አለች።

"ማነው?"

"መንገደኛ" አለ ሲግቫርድ ጥርሱን ነክሶ። "ድርቆሽ የሚገዛ።"

"ስንት ሸክም?" አለች ጊሪድ። "በሩንም ጨምሬ ነው የምነግርህ፣ ሰምተሃል?"

በየብስ ዞረው ገዳሙ ሲደርሱ መኳንንቱ በረንዳው ላይ ተሰልፈው ተቀበሏቸው። አንዱ ወፍራም ሹም ከለቅሶው በኋላ ሲግቫርድን በክንዱ ያዘና "መንገድ ላይ ፈረሶቻችሁ ጦም አላደሩም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ" አለው፤ ሌሎቹ ፈገግታቸውን በጓንታቸው ደበቁ።

"በልተዋል" አለ ሲግቫርድ። "እኔም በአባቴ ሕግ ተከስሻለሁ። ከቀብር በኋላ ሸንጎ ቆሜ እከፍላለሁ። እናንተም በዚያ መንገድ ስትመለሱ ዳኛውን ጠይቁ፤ ሕጉ ለእኔም አልራራም።" ፈገግታው ከየፊቱ ጠፋ። በማግሥቱ ምክር ሲቀመጡ የድርቆሹን ነገር ያነሣ አልነበረም።

ጉድማር ከለማኞቹ ጋር ከኋላ ቆሞ ነበር። አምባላዩን ሌላ ሰው እየሳበ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አስገባው፤ ፈረሱ በአጠገቡ ሲያልፍ ቆመና ኪሱን በአፍንጫው ፈተሸ። ልጓሙን ሳቡት። መነኮሳቱ መዝሙራቸውን ጨርሰው ሰዉ ሁሉ ወደ ማዕድ ሲሄድ ጉድማር ብቻውን ወደ መቃብሩ ተጠጋ። አፈሩ ገና እርጥብ ነው።

"እንግዲህ ደስ ይበልዎት፣ ጌታዬ" አለ እያጉረመረመ። "ፈረሶቹም በሉ፣ ሕግዎም ቆመ። ጦሜን ያደርኩ እኔ ብቻ ነኝ።"